የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና ጤንነት
ስለ አሠሪና ሠራተኛ ሕግ የቀረበ አሳብ

በየወሩ በምናወጣው በዚህ ጽሑፍ ስለ መጠጥ ውሃ ንጽሕና፣ ስለ መጸዳጃ ቤት አሠራር፣ ስለ ዝንብና ስለ ትንኝ እያነሣን ምክር መስጠት ልማዳችን ነው። ዛሬ ስለ ሠራተኛ ሕግ ለመጻፍ መነሣታችንን የሚያይ አንባቢ «ይህስ የዳኞችና የጠበቆች ጉዳይ አይደለምን? የጤና ጽሕፈት ቤትን ምን አገባው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን አስቀድመን እንሰጣለን።

አንድ ጎልማሳ ነቅቶ ከሚያሳልፈው ጊዜ ውስጥ የሚበዛው በሥራ ላይ የሚውለው ነው። በዚያ የሚተነፍሰው አየር፣ የሚጠጣው ውሃ፣ ቆሞ የሚውልበት ወለል፣ የሚያርፍበት ሰዓት፣ እነዚህ ሁሉ ጤንነቱን ይወስናሉ። በቤቱ እጁን በሳሙና መታጠብ የለመደ ሰው በሥራው ቦታ ውሃ ካላገኘ ትምህርታችን ከደጃፉ አላለፈም ማለት ነው። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው የኢጣልያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈውን መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ሐኪም በሽተኛውን በሚመረምርበት ጊዜ የሚሠራውን ሥራ ጭምር እንዲጠይቀው አሳስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ300 ዓመት በላይ አልፏል፤ ይሁንና በሽተኛው ምን እንደሚበላ ተጠይቆ ምን እንደሚሠራ ሳይጠየቅ መድኃኒት ተሰጥቶት የሚመለስበት ጊዜ ዛሬም ብዙ ነው።

ስለዚህ እኛ የሠራተኛን ሕግ የምንመለከተው እንደ ጤና ሕግ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ሐኪም ከታመመ በኋላ የሚደርስለትን ሰው ሕግ ሳይታመም ሊደርስለት ይችላልና።

የአገራችን የሠራተኛ ሕግ ዕድሜው ረዥም ነው። በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ከወጣ በኋላ፣ በ1968፣ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. በተከታታይ ሌሎች አዋጆች ወጥተዋል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው በ2011 ዓ.ም. የታወጀው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 የሥራ ሰዓት በአግባቡ መወሰንን፣ ዕረፍትን፣ በየጊዜው ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድንና ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን ከሠራተኛ መብቶች ጋር ቈጥሮአቸዋል። በዓለምም በኩል የዓለም ሥራ ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ እንዲሆን ወስኖአል። ከሕጉ አንጻር ሲታይ እንግዲህ የሠራተኛ ጤና የአሠሪው ቸርነት መሆኑ ቀርቶ መብት ከሆነ ቈይቷል።

አሁን አዋጁ ለጤንነት የጨመረውንና፣ በእኛ አስተያየት፣ ያጐደለውን ለየብቻው እንመልከት።

በመጀመሪያ ስለ እናቶች። በቀድሞው ሕግ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ይሰጥ ነበር። አዲሱ አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለውን ወደ 90 ቀን ከፍ በማድረጉ ጠቅላላው 120 ቀን ሆኖአል። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ እንዳትሠራና ትርፍ ሰዓትም እንዳትሠራ ይከለክላል፤ ሥራዋ ለእርስዋም ሆነ ለፅንሱ ጤንነት አደገኛ መሆኑን ሐኪም ሲያረጋግጥ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ እንድትዛወር ያዛል። ለአባትም የትዳር ጓደኛው ስትወልድ ደመወዙ ሳይቀነስ 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ተሰጥቶታል። ቀኖቹ ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም አባት በአራስ ቤት ሥራ እንዳለበት ሕጉ ማመኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን። ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እናድርሰው። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ሌላ ምግብም ሆነ ውሃ እንዳይሰጠው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ እኛም በየጤና ጣቢያው የምናስተምረው ይህንኑ ነው። እናቲቱ ግን በሦስተኛው ወር መጨረሻ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የቀሩት ሦስት ወራት እንዴት ይሁኑ? ፋብሪካው ወይም የግል ትምህርት ቤቱ አንዲት ንጹሕ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ቢያዘጋጅ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢፈቅድ፣ እናቲቱ ሕፃኑን አስመጥታ ልታጠባ ወይም ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ ልትልክ ትችላለች። በዚህ ዓይነት የታለበ ወተት ሙቀት ባልበዛበት ቦታ ተከድኖ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ይቈያል። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ባለመደረጉ ግን ሕፃኑ ወደ ጡጦ ይሄዳል፤ ከንጹሕ ባልሆነ ጡጦም ተቅማጥ ይመጣል። የተሻለ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅም አያስፈልግም፤ የአሠሪው በጎ ፈቃድ ይበቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሥራ ሰዓት ነው። በእኛ አስተያየት ከአዋጁ ሁሉ ለክርክር የሚያበቃው ክፍል ይህ ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት እንደ ቀድሞው በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ግን ተለውጦአል። በ1996 ዓ.ም. ሕግ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ2፣ በወር ከ20፣ በዓመት ከ100 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። በአሁኑ አዋጅ በቀን እስከ 4፣ በሳምንት እስከ 12 ሰዓት ድረስ ተፈቅዶአል። ክፍያውም በቀን የሚሠራው ከአንድ ከሩብ ወደ አንድ ተኩል፣ በሌሊት የሚሠራው ከአንድ ተኩል ወደ አንድ ከሦስት ሩብ እጥፍ ከፍ ብሎአል።

ሠራተኛው በክፍያው መጨመር ደስ ይለዋል፤ ኑሮ በከበደበት ጊዜ መደሰቱም አይፈረድበትም። ነገር ግን 48 እና 12 ሲደመሩ 60 ይሆናሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ስትሮክ በሚባለው የአንጎል የደም ሥር በሽታ የመያዛቸው ዕድል በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር በሽታ የመሞታቸው ዕድል በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቶአል። በዚሁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ በረዥም የሥራ ሰዓት ምክንያት 745,000 ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቶአል። እንግዲህ ሕጋችን የፈቀደው የመጨረሻው ወሰን ሳይንስ አደጋ ብሎ ከተከለው ምልክት 5 ሰዓት አልፎ ይገኛል ማለት ነው።

ሆኖም ሕጉን በትክክል ማንበብ ያሻል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው አሠሪው ሌላ መፍትሔ ሊያገኝ በማይችልበት ጊዜ፣ አደጋ ሲደርስ ወይም ይደርሳል ተብሎ ሲያሠጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ በአስቸኳይ የሚሠራ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ ለመተካት ሲሆን ነው። ልዩ ሁኔታ እንጂ የዘወትር ደንብ አይደለም። በየሳምንቱ 12 ሰዓት ትርፍ የሚያሠራ ድርጅት የሕጉን ቃል ይዞ መንፈሱን ጥሎታል። እኛም በበኩላችን የዓመቱ ወሰን ተመልሶ እንዲገባ እንሻለን። ያ እስኪሆን ድረስ ግን ቢያንስ የደም ግፊት ያለበትን፣ ከበሽታ ተነሥቶ ገና ያልጠነከረን ሰው ከትርፍ ሰዓት ነጻ ማድረግ የእያንዳንዱ አሠሪ ኅሊና ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው የዓመት ፈቃድ ነው። በቀድሞው ሕግ ለመጀመሪያው ዓመት 14 የሥራ ቀን ሆኖ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመር ነበር። አሁን ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አዲስ ገቢው ተጠቅሞአል፤ ለረዥም ዘመን ያገለገለው ግን ጐድሎበታል። ለምሳሌ 11 ዓመት የሠራ ሰው በቀድሞው ስሌት 24 ቀን ሲያገኝ፣ በአሁኑ ስሌት የሚያገኘው 21 ቀን ነው። ዕድሜ በገፋ ቍጥር ሰውነት ለማረፍ የሚጠይቀው ጊዜ እንደሚረዝም ለሚያውቅ ይህ አካሄድ የተገላቢጦሽ ነው።

በዚሁ ክፍል ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ጥበብ አለ። የሥራ ውል ካልተቋረጠ በቀር የዓመት ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው፤ ሠራተኛው ራሱ መብቱን እተዋለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። ፈቃዱም ከሁለት ዓመት በላይ ሊተላለፍ አይችልም። ስለምን? ፈቃድ ደመወዝ አይደለምና ነው። ፈቃድ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ለታዘዘለት ሰው እንጂ ለገበያ አይወጣም። ገበሬ እንኳ ፀሐይ ሲበረታ በሬውን ከቀንበር ፈትቶ ጥላ ሥር ያሳርፈዋል። ቢያደክመው የነገ እርሻው እንደሚቀር ያውቃልና። ፈቃዱን ሸጦ ሳያርፍ የሚውል ሠራተኛ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው።

አራተኛው በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ነው። አዋጁ አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲሰጥ፣ ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲነገረው፣ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋና በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ተመዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲገለጽ ያዛል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ የመጠቀም፣ ጉድለት ሲያይ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። በሥራው ለተጐዳ ሰው የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ይሸፈናል፤ ሥራ መሥራት ላልቻለበት ጊዜም እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በሽታው ከሥራው እንደ መጣ ሲታወቅ ነው። በጥጥ መዳመጫና በፈትል ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ከሰንበት ዕረፍቱ ሲመለስ፣ በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ደረቱ ጨምቆ ቢይዘውና በሚቀጥሉት ቀኖች ቢሻለው፣ የጥጥ ብናኝ ሳንባውን እየነካው መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ድንጋይ የሚጠርብ ወይም የሚፈጭ ሰው ሳል ቢጸናበት፣ የድንጋይ ብናኝ በሳንባው ውስጥ የማይድን ጠባሳ ሊያወጣበት እንደሚችል፣ ይህም ለሳንባ ነቀርሳ እንደሚያጋልጠው ይወቅ። በአበባ እርሻ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው መርዙ በአፍና በአፍንጫ ብቻ ሳይሆን በቆዳው ጭምር እንደሚገባ ይረዳ፤ የሥራ ልብሱንም ከልጆቹ ልብስ ጋር አያጥበው። የባትሪ ሠራተኛም እንደዚሁ የእርሳሱን ብናኝ በልብሱ ይዞ ወደ ቤቱ እንዳይገባ ይጠንቀቅ። እነዚህ ሰዎች ወደ ሐኪም ሲቀርቡ ባይጠየቁም የሚሠሩትን ሥራ ራሳቸው ይናገሩ።

ስለ ተራ ሕመም ደግሞ፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ጊዜ ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለው፤ ይኸውም አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ሁለት ወር ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ነው። ማስረጃውን የሚሰጠው ሐኪም ቤት ነው። በዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቻችን አንድ ቃል እንናገራለን። ላልታመመ ሰው የሚጻፍ የሕመም ወረቀት በእውነት የታመመውን ሠራተኛ ቃል ያስጠረጥራል። አንዱ ሲዋሽ የሚቀጣው ሌላው ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ጉዳይ ሕግ በሙሉ ዓይኑ ስላላያቸው ሰዎች ነው። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ከልክሎአል፤ ቀድሞ ወሰኑ 14 ነበር። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍትና በበዓል ቀን እንዳይሠራ አዞአል። በክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚጥለውን ተማሪ ከመቅጣቱ በፊት መምህሩ ማታ የት እንደሚያመሽ ቢጠይቀው፣ ተቆጣጣሪ ያልደረሰበትን ምግብ ቤት ወይም ጋራዥ ሊደርስበት ይችላል።

የቤት ሠራተኛ ግን በአዋጁ አልታቀፈችም፤ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው ሕጉ ከወሰኑ ውጭ ትቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከአሠሪው ቤት ለሚኖር ሠራተኛ በማደሪያ፣ በምግብና በዕረፍት ረገድ ጤንነቱ እንዲጠበቅ ያዛል፤ ነገር ግን በየቤቱ ገብቶ የሚያይ ማን ነው? በዓረብ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩት እኅቶቻችን ፓስፖርታቸው ሲነጠቅ፣ የዕረፍት ቀን ሲከለከሉ ስንሰማ ልባችን ይቃጠላል፤ መቃጠሉም ተገቢ ነው። እንግዲያውስ በከተማችን ማጀት ውስጥ የምትተኛው፣ ከሁሉ በፊት ተነሥታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛው ልጅ የማን እኅት ናት? የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣቸው ይጠይቃል። ይህን ለመፈጸም ዳኛ አያስፈልግም። የምትተኛበት ክፍል መስኮት ይኑረው፤ ከሰል በተቀጣጠለበት ዝግ ክፍል ፈጽሞ አትተኛ፤ ጢሱ ባይታይም ይገድላልና። ስትታመም ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ እንጂ ወደ ትውልድ አገርዋ አትሸኝ።

አንዳንድ አሠሪዎች «ይህን ሁሉ ብናደርግ ድርጅቱ ይዘጋል» ይላሉ። ገና በመቋቋም ላይ ያለ አነስተኛ ድርጅት ወጪ እንደሚከብደው አንክድም። ነገር ግን የሕመሙ ወጪ አሁንም እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ሰው ተለወጠ እንጂ ወጪው አልቀረም። መከላከያ መነጽር ያልገዛው አሠሪ የዳነውን ገንዘብ ዓይኑ የጠፋው ሠራተኛ፣ ሚስቱና ልጆቹ ዕድሜ ልካቸውን ሲከፍሉ ይኖራሉ። የለመደው ሠራተኛ ታሞ በወጣ ቍጥርም አሠሪው አዲስ ሰው ለማስተማር ጊዜና ዕቃ ያጠፋል።

ስለዚህ በከተማ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ሁለት ነገር እንድታደርጉ እንለምናለን። የምታሠሩት ሰው ካለ፣ ዘበኛም ይሁን አስተናጋጅ ወይም የቤት ሠራተኛ፣ የዕረፍት ቀኑን፣ የመጸዳጃ ቤቱንና የመታጠቢያውን ውሃ በዚህ ሳምንት ተመልከቱ። ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አዋጁን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ሊደርስ ያለ አደጋ ስታዩ ለአሠሪው ወይም ለሠራተኛ ማኅበር ተናገሩ። አሠሪው አደገኛነቱ ተነግሮት በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካላስወገደው ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል።

ክቡራን መምህራን ሆይ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ፣ የግል ትምህርት ቤት መምህራን በአዋጅ ቁጥር 1156 እንደምትተዳደሩ ታውቃላችሁ። ነገር ግን ከራሳችሁ መብት በላይ በእጃችሁ ያለ ነገር አለ። ዛሬ በፊታችሁ የተቀመጡት ልጆች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግማሾቹ ሠራተኞች፣ ጥቂቶቹም አሠሪዎች ይሆናሉ። ስለ እጅ መታጠብ በምታስተምሩበት ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ 8 ሰዓት ሥራ፣ ስለ ሰንበት ዕረፍት፣ ስለ ዓመት ፈቃድና ስለ መከላከያ መሣሪያ አንዳንድ ቃል ጨምሩበት። ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ አባቱን «የዘንድሮ ፈቃድህን ወሰድህን?» ብሎ ይጠይቀው ይሆናል። እኛ በሐኪም ቤት የማናገኘውን ያን አባት በዚህ መንገድ ልጁ ያገኝልናል።